ሃያ፣ አንዱ ተቀዶ

ላሳልጋዮን ገበያ፣ የሽንኩርት ከተማ፣
ሽታው ነው የሚቀድም፣ ባቡሩ ሳይሰማ።
ትምህርት ቤታችንም ከሚዛኑ ጀርባ፣
ልጆቼ ሲያነቡ ዓይናቸው በእንባ፤
የቱ የሽንኩርት ነው፣ የቱ ያሥራ ሰባት፣
እንባን ለመለየት አልበቃኝም ሃያ ዓመት።

እኛ ዘንድ ማባዛት አሥር ላይ አይቆምም፣
እስከ ሠላሳ ነው፣ ከዚያ በፊት ዕረፍት የለም።
ጧት ጧት ቆመን በቃል፣ እንደ ጸሎት ይባላል፣
አንዱ ሲጀምረው መቶ አፍ ይከተላል፤
አሥራ አንድ ሜዳ ነው፣ ይሮጡበታል፣
አሥራ ሁለት ደግ ነው፣ እንቁላል ሻጭ ያውቀዋል፣
አሥራ አምስትም ሰዓት ነው፣ ሩብ በሩብ ይሄዳል፤
አሥራ ሰባት ላይ ግን
ድምፅ ሁሉ ይከዳል።
ከፊት ያሉት ብቻ ይሰማሉ፣ ሦስት አራት ልጆች፣
የቀረው ከንፈር ነው፣ የሚከፈት የሚዘጋ፣ እንደ ዓሣዎች።

ማስመሪያ ነበረኝ፣ የቀርከሃ፣ ቀጭን፤
"አሥራ ሰባት በስምንት?" ዘርግታ መዳፏን
ማንዳኪኒ ቆመች።
መልሱን ትታ፣ እንደ ለመደችው፣ እጇን አስቀደመች።
ያን ቀን አልመታኋትም፤ ለምን እንደሁ እንጃ፣
መዳፏ ላይ ነበር የሌላ ሥራ ማስረጃ፦
የጆንያ ቃጫ።

አባቷ ዳጋዱ፣ "ድንጋይ" ማለት ስሙ፣
በጀርባው ይኖራል፣ ሽንኩርት ነው ሸክሙ።
ቁጥር አልተማረም። ማታ ሲከፈለው
ሩፒውን አይቆጥርም፤ ትከሻውን ነው የሚጠይቀው፦
"ዛሬ ስንት ነበር?" ትከሻው ይነግረዋል፣
የጸሐፊው መዝገብ ግን ከዚያ ያንስበታል።

እሷ ምሳ ይዛ ከሰዓት ስትሄድ
ቆማ ታያለች፣ ከጋሪ ሃያ ጆንያ ሲወርድ፤
አንዱ ግን ሁልጊዜ፣ ተቀዶ ከየጋሪው፣
ወደ ጥግ ይጣላል፣ የለም የሚቆጥረው።
ይህን ነው ያመጣችልኝ፣ እንደ ተሰረቀ ፍሬ ደብቃ፦
"መምህርት፣ አሥራ ዘጠኝ እኮ ሃያ ነው" አለች፣ ድምፇን አድቅቃ፣
"ሃያ፣ አንዱ ተቀዶ።"

ጠመኔ ሰጠኋት። ጎማው የተጣመመ ጋሪ ሣለች።
"ሁለት ጋሪ አርባ፣ የተቀደደ ሁለት፤ ሠላሳ ስምንት።
ሦስት ጋሪ ስድሳ፣ የተቀደደ ሦስት፤ ሃምሳ ሰባት።"
"አሥራ ሰባትስ?" አልኩ።
"ከየጋሪው ሦስት።"
ከኋላ ወንበር ላይ ፓንዱራንግ ሳቀ፤
ከዚያ በጣቱ ሞከረው፣ ሳቁም እዚያው አለቀ።
በመስኮት ሃያ ዓመት ሳየው የኖርኩት ጋሪ
ያን ዕለት ገና ሆነልኝ አስተማሪ።

ኅዳር መጨረሻ፣ የሒሳብ ዕለት፣
የሳምንቱ ጋሪ አሥራ ሰባት፤
ጸሐፊው አነበበ፦ "ሦስት መቶ ሦስት።"
ዳጋዱ ትከሻውን አሸ። ዝም አለ።
ምሳ ዕቃ የያዘች ልጅ ግን ከበሩ ጥግ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፦
"ሦስት መቶ አርባ… የተቀደደ አሥራ ሰባት…
ሦስት መቶ ሃያ ሦስት።"
ጸሐፊው ሳቀና ካልኩሌተር አወጣ፣
ነካው፤ አየው፤ ደግሞ ነካው፣ ምናልባት ሌላ ቢመጣ።
አልመጣም።
የሃያ ጆንያ ዋጋ ቆጥሮ ወረወረ፣
በማግሥቱም ዳጋዱን "ሥራ የለም" ብሎ አባረረ።

ይህን ደስ ብሎኝ አልጽፍም። አምስት ቀን ቤት ዋለ።
በስድስተኛው፣ ጎቪንዳ የተባለ
ተሸካሚ መጣ፤ የወር ደረሰኙን ጠቅልሎ
"ልጅቱ የት አለች?" አለኝ፣ ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ።
ከእሱ ኋላ አራት፣ ከአራቱ ኋላ ዘጠኝ፤
"እኛስ ማታ ብንመጣ?" ብለው አስፈቀዱኝ።

አሁን ጀምበር ስትጠልቅ፣ ጉልበት ካገጭ እየገጠመ፣
ሰፊው ትከሻ ሁሉ በልጅ ወንበር ተጣመመ።
ዳጋዱ ከኋላ ነው። ማስመሪያዬም
መስመር ያሰምራል፣ ከዚያ ሌላ ሥራ የለውም።

ማንዳኪኒ ግን ዛሬም፣ "አሥራ ሰባት በስምንት?" ስላት
ትቆማለች። ዓይኗ በመስኮት።
"መቶ ስድሳ… ሃያ አራት ተቀዶ…"
እጠብቃለሁ።
ባቡሩ ያልፋል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።
"መቶ ሠላሳ ስድስት።"