ትርፍ ጨርቅ

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርኩት ወንበር ላይ፣
ጉልበቴን አጥፌ፣ ፊቴን ወደ ሰማይ፤
ሁለት ትራስ ከጀርባ፣ ሁለት ከእግሬ በታች፣
ተጣጥፌ እንደ ሸሚዝ፣ ገዢ እንዳጣ አሮጌ ዕቃች።

ሲነጋ ቀና ማለት የለም፤ መሬት መሬት እያየሁ፣
መርፌ እንደ ወደቃት ሴት ቤቱን እዞራለሁ።
ብሬይነር፣ የሰባት ዓመቱ፣ ከኋላዬ ይከተላል፤
«ማሚ፣ ምን ጠፋሽ?» ይላል፤
ተንበርክኮም ይፈልግልኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰፋሁ፣ የተማሪ ጉርድ ቀሚስ፣
የካሊን ሴት ወገብ ስለካ፣ ሳጠብ፣ ሳሰፋ፣ ስመልስ፤
ሜትሬን ባንገቴ ጥዬ፣ እስፒል በከንፈሬ ይዤ፣
ከመስታወቱ ፊት ስደርስ በደንበኛዬ ተጋርጄ።
እኔና ሆዴ ለካ ሆድና ጀርባ ነበርን።
ስድስት ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ
ለዕርቁ ገንዘብ ቆጠብን።

«እግዜር የሰፋውን ልብስ…» አለች አማቴ ኤውዶሲያ፤ አልጨረሰችውም፤
መቁጠሪያዋን አነሣች፤ ነገሩን ዳግም አልመለሰችውም።
ግን ይኸው፣ ጠዋትና ማታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ከጎኔ ከሚወጣው ቱቦ ጫፍ ብልቃጡን ቀስ ብላ ነቅላ፣
ቀዩን ውሃ የምትለካ እሷ ናት። በሱቋ የዱቤ ደብተር፣
ስኳርና ሳሙና በሰፈረበት፣
የኔንም ትጽፋለች፦ ሰማንያ፣ ስድሳ፣ አርባ አምስት።
ዕዳዬ ሲቀንስ ፊቷ ሲፈታ አየሁበት።

አርኑልፎ፣ ባሌ፣ ቀልደኛው፣ ከክፍሌ ተባሯል።
ብስቅ ስፌቴን ያመኛል፤ እሱም ካልቀለደ ያመዋል።
በመስኮት ቆሞ፣ አፉን ይዞ፣ በእጁ ያዋራኛል፤
እጁም ያስቀኛል።

ጡቶቼስ? ሦስት ልጅ ጠጥቶ የተዋቸው፣ እንደ ተገለበጠ ኪስ፣
ቀና ብለው ተቀምጠዋል፣ እንግዳ ሆነው፣ በክት ልብስ።
ስነካቸው ጣቴ ያውቃቸዋል፤ እነሱ ግን ጣቴን አያውቁም።
ቆዳው ተኝቷል። ብጠራው፣ ብቆነጥጠው አይሰማም።

በዘጠነኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣
የተራራው ነፋስ ሙቀቱን ሲያባርር፣
ፋሻዬን ፈትቼ ቆምኩ፣ ከመስታወቴ ጋር።
ከዳሌ እስከ ዳሌ ይሄዳል መስመሩ።
ባየው በባለሙያ ዓይን፣ ደቃቅ ነው ክሩ፤
በግራ በኩል ግን ጨምድዶታል።
እኔ ብሆን ፈትቼ እደግመው ነበር፤
ለሰው ገላ ግን ይህም ይበቃል።
ከእምብርቴ በላይ የነበረችው፣ ማርያም የሳመችኝ ነጥብ፣
ወርዳ ወርዳ ከስፌቱ ጠርዝ ደርሳለች፤
ማርያምስ ብትመለስ
የሳመችውን ቦታ ታገኘው ይሆን? የት ብላ ትፈልጋለች?

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ።
የኔን ዥንጉርጉር መዘኑት፤
ዘጠኝ መቶ ግራም።
«የት አደረጋችሁት?» አልኩት ዶክተሩን።
«ይቃጠላል» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ።
እኔ እኮ ብጣሽ አልጥልም፤
ከትርፍ ጨርቅ ኪስ ይወጣል፣ የክርን መጠገኛ፣
ለአሻንጉሊት ቀሚስ፣ ለሙቅ ድስት መያዣ።
ያን ለሊት ያለቀስኩት ከሕመም አልነበረም፤
ለማንም አልተናገርኩም።

ብሬይነር በሩን ገፋ። አየኝ። «ማሚ፣ የኔ በር የታለ?»
ከየት መጣሁ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ
በኦፕራሲዮን የወጣበትን ጠባሳ አሳይቼው ነበር፤
በጣቱ እያንኳኳ «ማን አለ?» እያለ
ሲስቅ ይውል ነበር።

«ተዘጋ» አልኩት፤ «ሁላችሁም ወጣችሁ፤ ማንም አልቀረም።»
ትንሽ አሰበ። ከዚያ በአንድ ጣቱ፣
በደነዘዘው ቆዳ ላይ፣ አንኳኳ።
ገላዬ አልሰማውም። ጆሮዬ ሰማው።

«ሠላሳ!» አለች ኤውዶሲያ፣ ደብተሯን ዘግታ፤
«እስቲ ቀና በይ።»
የአንድ ጣት ያህል ቀና አልኩ።