ስኮርታ

ግንቦት ተጋመሰ፤ ጦሳ ጉም ለበሰ፤
የፒካፔ ጎማ ጥርሱ ተጨረሰ፤
እንደ ሽማግሌ ድዱ ብቻ ቀርቶ
ሐረጎን ወረደ በፍሬን ተጎትቶ።

ግማሹ መንገዴ አስፋልት ነው፣ ለስላሳ፤
ዋልካ ነው ግማሹ፣ ይዞ የማይረሳ።
ከጉጉፍቱ ወዲያ አስፋልት ሲለየኝ
አንድ ቁልቁለት አለች ሁልጊዜ የምታስረኝ።
ባለፈው ሐምሌ ላይ ድንች ጭኜ ስመጣ
አራት ሰዓት ሙሉ ጎማው ጭቃ ጠጣ።
በበሬ ጎተቱኝ። ባለ በሬው ሳቀ፣
«የስንት ፈረስ ጉልበት?» ብሎ እየጠየቀ።

የጦይባ ከማል ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መሃል፤
የጎማዋ ቁልል ጣራውን ይነካል።
አባቷ ጎሚስታ፣ ጎሚስታ ነው ባሏ፤
መፍታት የነሱ ነው፣ መምረጥ ግን የግሏ።

ዓይኔ አንዱ ላይ ዋለ፦ ጥርሱ ጣት የሚያህል፣
ቆሞ የሚፎክር ጎረምሳ የሚመስል።
«እሱን» አልኳት። ጦይባ ጎማውን ሳታይ
ዓይኗን ጣል አረገች ጫማዬ ላይ።
«አንሳው እስቲ እግርህን።» እንደ ፈረስ ኮቴ
አነሳሁት አፍሬ፤ ላብ መጣ በፊቴ።

«በውጭ በኩል አልቋል፣ ጎማህም እንዲያው ነው፤
መሪው ሳይስተካከል ጎማ መግዛት ምነው?
ይሄ የመረጥከው ጭቃ ላይ አንበሳ፣
አስፋልት ላይ የሚያጓራ፣ ለናፍጣህ የማይሳሳ፤
ሐረጎ ዘንቦበት፣ እርጥብ ኩርባው ላይ
ጥርስ የበዛ ሁሉ ይነክሳል ወይ?
ያ ልሙጡ ደግሞ አስፋልት ላይ ለሚከንፍ
ለሠርገኛ እንጂ ጭቃ የማያልፍ።
መሃለኛውን ውሰድ። በአንዱም አይበልጥም፤
ግን ሁለቱም ጋ ሄዶ አያሳፍርህም።»

ዋጋውን ነገረችኝ። ዝም አልን ሁለታችን።
ባጃጅ አለፈ በፊታችን።

ጥግ ላይ አንድ ብቻውን፣ አቧራ የጠገበ፣
ያው መሃለኛው ዓይነት፤ ዓይኔ ጎኑን አነበበ።
አራት ቁጥር አለ ፋብሪካ የጻፉት፣
ሳምንትና ዓመቱን በፈረንጅ ያሰፈሩት፦
አርባ ሦስት፣ ሃያ አንድ።
                    ቀነስኩ። ሰባት ዓመት።
ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ጥቅምት፣ ያ ሳምንት።

ያ ሳምንት።

ሌሊት ነው፣ ሐረጎ፤ ሰው በሰው ላይ ፈሶ፣
መኪና ከመኪና መብራት አጥፍቶ፣ ተነካክሶ፤
እኔ በዚሁ ፒካፕ፣ ያኔም በተላጠ ጎማ፣
አሥራ ሦስት ነፍስ ጭኜ በዚያ ጨለማ፣
የጎረቤቴ የአራጌ የስፌት መኪና፣
አንድ አውራ ዶሮ፣ ሌሊቱን ቀን ያደረገና
የሚጮህ፤
ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ጎማው ሸርተት ሲል
ከኋላ አንዲት ባልቴት «አብሽር ልጄ» ስትል።
ስሟን አልጠየቅኩም። ከሚሴ ላይ ወረደች፤
ሻሿን ለመስታወቴ ማጽጃ ጥላ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ደግሞ፣ ከባሕር ወዲያ ማዶ፣
አንድ የማላውቀው ሰው፣ በቱታ፣ ጧት ማልዶ፣
ላስቲክ ቅርጽ ያስይዛል፣ ጥርስ ያወጣለታል፤
የሚወጣው ዳገት የት እንዳለ አያውቅም፤
ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጁን ይታጠባል።

ጦይባ ቁጥሩን አየች፤ እሷም ዝም አለች።
ያኔ ባዶ ሱቅ ነው ተመልሳ ያገኘች።
ቆይታ ነው፦ «ተወው፤ አራት ዓመት አለፈው፤
ጎማም ይሸብታል፣ ፀሐይ ነው የሚያደርቀው፤
ትኩስ አለኝ።»

አራት ትኩስ ገዛሁ፣ ግማሹን በዱቤ፣
ግማሹን ለበግ ካሰብኩት ዕቁቤ።
ያንን ግን «ለስኮርታ ጨምሪልኝ» አልኳት።
«አርጅቷል እኮ!» አለች። «አውቃለሁ» መለስኩላት።
ባሏ ከሥር ገብቶ በሰንሰለት ሰቀለው፤
ሒሳቡን ስንጽፍ ያንን ሳትደምረው
መዝገቡን ዘጋች።

ሐረጎን ወጣሁት። አዲሱ ጎማ ያፏጫል፤
ከመቀመጫዬ ኋላ ሰንሰለት ይንቃጨላል።
መሬት ባይነካ ነው የኔማ ልመና፤
ጦይባ ግን፣ ስነሳ፣ በሩን መታችና፦
«በየወሩ ለካው፤ ስኮርታ ሲረሳ
የቸገረህ ለታ ጠፍጣፋ ነው፣ አይነሳ።»