ለታዛቢዋ ያልተረጎምኩት

በነሐሴ ዝናብ፣ በዋልካ ተቀርቅሮ፣
የታዛቢዋ መኪና፣ ሰንደቁን አሳፍሮ፣
ከሉማሜ ወዲህ ቆመን ስናፈጥጥ፣
ባዬ ደረሰልን ጥማዱን ፈትቶ፣
በመጫኛ አስሮ አወጣን ጎትቶ።
“ማን ልኮት ነው?” አለች፣ ደብተሯን ዘርግታ።
“ዝናቡ” አልኳት እኔ።
ጻፈች፤ ግን ሰረዘች፣ ጥቂት አመንትታ።

እኔ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር፣
ለሁለት ቀን ተቀጠርኩ፣ ቃል ላሻግር።

ምርጫው ድጋሚ ነው።
የሰኔው ኮሮጆ ሲመሽ ከዚህ ወጥቶ፣
ወረዳ ሳይደርስ ቀረ፣ መንገድ ላይ አርጅቶ።
አሁን ደግሞ መጣ፣ ማኅተሙ ታድሶ፣
በሁለት ፖሊስ መሀል፣ ላስቲክ ካፖርት ለብሶ።
ሰልፉ ከአጥር አልፏል፤ አረሙን የተወ፣ ዘሩን የተወ፣
ጤፉ ግን ማንንም አይጠብቅ።

ሦስተኛ ‘ለ’ ክፍል፣ ጣራው የሚያፈሰው፣
ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ ማንም ያላበሰው፣
የውሃ ዑደት አለ፤ ቀስቱ ዞሮ ዞሮ
ደመና ጋ ገጥሟል፣ ከደመና ጀምሮ።

ወይዘሮ ጥሩዓለም ጣታቸውን ሰጡ።
የሰኔው ቀለም ግን ከጥፍራቸው ጫፍ ላይ፣
እንደ ጎደለች ጨረቃ፣ ገና የሚታይ።
“ጥፍሬ ይኸው አደገ፣ ቀለሙን ተሸክሞ፤
ድምፄ ምነው ቀረ፣ በዚያው መንገድ ታሞ?”
“ምን አሉ?”
“ቀለሙ ጥሩ ነው፣ አይለቅም” አልኳት።
ቅጿ ላይ ምልክት አደረገች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

“ይቺ ደግሞ ማናት?”
“ታዛቢ ናት፣ እማማ።”
“ታዛቢ?” ሳቁና ነጠላቸውን ሳቡ።
“መታዘቡንማ እኛም ታዝበናል፤
አበልና ሰደርያ ማን ሰጥቶን ያውቃል?”
ይህን በእንግሊዝኛ በምን አፌ ልበለው?
የነሱ ቃል ዐይን ብቻ፣ የኛ ግን ሆድ አለው።
“እንኳን ደህና መጣሽ ብለውሻል” አልኳት።

ከሰዓት ባዬ መጣ፣ ጭቃውን ተጣጥቦ።
መዝገቡ ላይ የለም።
ሦስት ጊዜ ገለጡት፤ ሁለት ባዬህ አለ፣ አንዱ ሟች፣
አንድ ባይህ አለ፤ ባዬ የለም።
ዞር ብሎ አያት፣
ጠዋት መንኮራኩሯን እንዳየው አድርጎ።
እሷም አጥንታ የመጣችውን አለች፦
“ታዛቢ ጣልቃ አይገባም፤ ይመዘግባል።”
ይህን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

ሲመሽ፣ በባትሪ ብርሃን ቆጥረው ሲጨርሱ፣
ያው ዋልካ፣ ያው መኪና፣ ከትልሙ ዳር ያው እሱ፤
ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣
በሬዎቹ አጠገቡ፣ ቀንበራቸው ሳይወርድ።
ወርጄ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገባሁ።
“ባዬ!” አልኩት።
“ታዛቢ ጣልቃ አይገባም” አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

“ምን አለ?” አለችኝ፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ።
መጫኛው ከእጁ ነው፤ ገና አልጣለውም።
ዝናቡ በሁላችንም ላይ እኩል ይወርዳል።
“እየመዘገበ ነው” አልኳት።