ሦስት ዙር ወደ ግራ

ጃኮባባድ፣ ሰኔ፤ ብረት ሁሉ ፍም ነው፤
ካቻቢቴ እንኳ በጨርቅ ነው የምይዘው።
ውሻው ቀድሞኝ ተኝቷል ከጂፕ ሆድ በታች፤
ጥላ እንደ ቧንቧ ውሃ ነች፣
ወረፋው ሳይደርስህ ያለቀች።

ዲዳር መጣ፣ ሸሚዙ እንደ ቴምብር ከጀርባው ተጣብቆ፣
ነጭ ታክሲውን ከደጄ ሰንቅሮ፣ በሯን ከፍቶ ለቅቆ።
«መህራብ፣ ኤሲው አብዷል፤ ወይ አብጃለሁ እኔ!
ክላክስ ስነካ ይሞታል፣ ስለቀው ይነሳል፤ አየሁት በዓይኔ።»
«እና ለምን ትነካለህ?»
«ታክሲ ነኝ እኮ! ሳልጮህ ምን እበላለሁ?»

ሦስት ጋራዥ ዞሯል።
አንደኛው «ጋዝ ነው» ብሎ ሞልቶለት ሒሳቡን ተቀብሏል፤
ሁለተኛው ኮምፕረሰር ሸጦለት የድሮውን አስቀርቷል፤
ሦስተኛው ደግ ነበር፤ ፀሐይዋን ወቅሶ ሸኝቶታል።

ዞሬ አየኋት።
የልጁ ሠርግ ጊዜ ነው እንዲህ ያስጌጣት፤
ስምንት ፓውዛ ከፊት፣ እንደ ወታደር ሰልፍ፣
የነፋሱ በር ላይ ቆመው፣ አየር እንዳያልፍ፤
ከዳሽቦርዱ ሥር ሰማያዊ መብራት፣ መሪው ላይ ቀይ ከፋይ፣
ኋላ የሚያሳይ ካሜራ፣ ባለቤቱ ዞሮ ለማያይ፤
ከሁሉ በላይ ክላክሱ፤ ስድስት ዜማ ያለው፣
ሙሽራ ሳትኖር እንኳ ሠርግ ነው የሚለው።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሙቀቱ እንደ ሰው ተነፈሰብኝ።
«አስነሣው» አልኩ፤ «ንፋው»፤ ነፋው፤ ዜማው አደነቆረኝ፤
በዜማው መሀል ግን
አንዲት «ጠቅ» ሰማሁ፣ ትንሽዬ፣ በቀስታ፣
ኮምፕረሰሩ እጁን ከሥራ ሲያነሣ።

ሽቦውን ይዤ ሄድኩ፣ ጣቴ እየመራኝ፤
ከባትሪው ጎን፣ ከፊውዙ ሳጥን ሥር፣ ነገሩ ተገለጠልኝ፤
ለኮምፕረሰሩ የሚሄደው መስመር መሀሉ ላይ ተልጦ
ክላክሱ ይጠባል፣ እንደ ባዕድ ጥጃ በጎን አድፍጦ።
አንድ ጡት፣ ሁለት አፍ፤ የጮኸው ይጠግባል፣
ዝም ብሎ የሚሠራው ይራባል።

«ማነው የሠራው? ንገረኝ!» አለ ዲዳር፣ «እጁን ልስበረው!»
እኔ ግን ናስትሮውን ነበር የማየው።
ሦስት ዙር ወደ ግራ፤ ጫፉ እንደ ጆሮ የታጠፈ።
ይህን አጠቃለል በዚህ ከተማ
ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።
አንዱ እኔ ነኝ።

«ነገ ለሚፈታው አስብለት፤ ጫፉን እጠፍለት» ብዬ
ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አስተምሬዋለሁ፣ ጣቱን በጣቴ ይዤ።
ልጄ፣ ሳጃን።
አሁን ከሐዲዱ ማዶ ነው፤ የመኪና ጌጥ ይሸጣል፤
«መብራት ማንጠልጠል ሙያ ነው?» ያልኩት ቀን ወጣ፤ ሁለት ክረምት ሆኖታል።

«አላውቀውም» አልኩ ለዲዳር።
ሽቦ በእጄ ይዤ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ለክላክሱ የራሱን ሪሌ፣ የራሱን ፊውዝ ሰጠሁት፤
ፓውዛዎቹን አራት ጣት ዝቅ አድርጌ ነፋሱን አሳለፍኩት፤
የተላጠውን ሸፈንኩ፤ በአዲስ ናስትሮ
ሦስት ዙር ወደ ግራ፤ ጫፉን አጠፍኩ እንደ ጆሮ።

የፊውዙን ዋጋ ብቻ ተቀብዬ፣ «አንድ ነገር ልለምንህ» አልኩት፤
«ከሐዲዱ ማዶ፣ የመብራቱ ሱቅ ደጅ ስትደርስ ቁምና ንፋለት።
ስድስቱንም ዜማ። ኤሲው እንደማይጠፋ ካየ
ኮፈኑን መክፈቱ አይቀርም።
ለምን አትበለኝ፤ አልነግርህም።»

ሄደ፤ መስኮቱን ዘግቶ፤ ፊቱ ላይ ጥር ገብቶለት።
ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ከደነው።
ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ከሐዲዱ ማዶ
ስድስቱም ዜማ ተሰማ፣ እየተከታተለ፤
ከዚያ ዝም አለ።

እኔም ካቻቢቴዬን በጨርቅ ጠቅልዬ
ደጄ ላይ ቆምኩ፣ መንገዱን እያየሁ፤
ሰው ቢጠይቀኝ፣
ነፋስ ነው የምጠብቀው፣ እላለሁ።