አነር

አጅባር፣ ገበያ ቀን፣ ከወይራው ጥላ ሥር
ሁለት አዋቂዎች ያዙና አንድ ነገር፣
ይጠያየቃሉ፦ ከየት መጣ «አነር»?
ድመት እንዳይሉት፣ ምድጃ ዳር አይሞቅም፤
ነብር እንዳይሉት፣ ላም ጥሎ አያውቅም።

መሪጌታ ላቀው ብራና ዘርግተው፦
«ግዕዝ ነው እናቱ፣ ነምር ነው አባቱ፤
ገደል ሲዘል ጊዜ ‹ም› ጠፋች ካንገቱ፣
‹አ›ን እንደ ጢም አርጎ አቆመ ከፊቱ።»

ሸህ ሙህዬ ሰሙ፣ ሳቅ አሉ ቀስ ብለው፦
«ነሚር ይላል ኪታብ፤ ያው ነው ነጠብጣቡ፤
ማን ከማን ወሰደ? ካላህ ነው ሂሳቡ።»

«አንድም» አሉ የኔታ፣ «ለምድ ነው፣ ማዕረግ ነው፣
በጀግና ትከሻ ጥፍሩ የሚውለው።»

ጦይባ ዶሮ ሻጯ ሁለቱን ታያለች፤
አራት ያሳደረች፣ ሦስት ይዛ መጥታለች።
«አነር ማለት» አለች፣ «ሌሊት፣ ከቆጡ ሥር፣
ዶሮ ሳትጮህ በፊት የነበረው ነገር።»

ሁለቱም ዝም አሉ።
ማዶ፣ ከጉም ኋላ፣
ደንቆሮ በሚሉት ደን ውስጥ ተጠቅልላ፣
ስሟን ሰምታ ሳታውቅ ተኝታለች በልታ፤
ጢሟ ላይ አንድ ላባ፣ የሌለው አንድምታ።