ሰረዝ የሌለው ብርድ

ዊኒፔግ ነው፤ ጥር ነው፤ ሌሊቱ ገና አልነጋም፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ፤ የአውቶቡሴ ሞተር አይነሣም።
ኦረስት፣ መካኒኩ፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣
ይጽፋል መስታወቴ ላይ አመዳዩን በጥፍሩ ፍቆ።
ጡረታው ሁለት ወር ቀርቶታል፤
ቁጥር ግን እንደ ሳል ይዞታል።

«በዐሥር የቆጠርነው ጣታችን ዐሥር ሆኖ ነው፤
እስቲ መሠረቱን ኔጋቲቭ ሁለት አድርገው።
ከቀኝ የአንድ ቤት፣ ቀጥሎ የሁለት ዕዳ፣
የአራት ሀብት፣ ደግሞ የስምንት ዕዳ፣
እንዲህ ይፈራረቃሉ እስከ ግራው ግድግዳ።»
ጻፈም፦ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ።
«ይኸው የዛሬው ብርድ፤ ሰረዝ የለውም ዘንድሮ!»

«ዕዳውን ከሀብቱ በምን ልለየው ታዲያ?»
«ቤቶቹን ቁጠራቸዋ መጀመሪያ፤
ጎደሎ ከሆኑ ትርፍ ነው፣ ሙሉ ከሆኑ ዕዳ።»

የነገረኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ምንም አልታየውም፣
በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ግን ቃሉ አልተኛልኝም፦
ጎደሎው ተረፈው፤ ሙሉው ባለ ዕዳ!
ቅኔ የቆጠሩት አጎቴ ይህን ሳይቆጥሩ ሞቱ።

ሞተሩ አጓራ፣ ተንተፋተፈ፣ ተነሣ።
ማሞቂያው ከቀኝ ጫፍ መስታወቱን ሲልስ፣
የመጨረሻዋ ዜሮ ቀልጣ ዳሽቦርዱ ላይ ስትፈስ፣
የቀሩትን ደመርናቸው፦
ዐሥራ ስድስት፣ ሁለት ሲቀነስ፣ አንድ ሲጨመር፤
ዐሥራ አምስት። ከዜሮ በላይ።
አምስት ቤት፣ ጎደሎ፤
የግንቦት መጨረሻ ጠዋት።

ኦረስት ጓንቱን አጠለቀ፤ «ሂድ፣ ዘግይተሃል» አለኝ።
ፌርማታው ላይ የቆመችው ሴት
ሻርፗን እስከ ዓይኗ ጠቅልላ
አሁንም ሠላሳው ላይ ነበረች።