ታጣፊ ስለት

ቂርያት ጋት፣ ከገበያው ጀርባ፣ በሻልቫ የብረት ሱቅ፣
አንዲት ጥቁር ሴንጢ አለች፤ ሦስት ሳምንቴ ስጠይቅ።
ዋጋዋን አይደለም፤ ተለጥፏል፤ ሁለት መቶ ሰማንያ፤
የምጠይቀው ራሴን ነው፣ ከሳሽም እኔ፣ እኔው ዳኛ።

ለሷ የሚመሰክር ብዙ ነው። እጀታዋ መዳፍ ይሞላል፤
ላብ አያንሸራትታትም፤ ጀርባዋ ወፍራም ነው፣ ይችላል፤
አንዴ ከተከፈተች ቆማ ትቀራለች፤ ቁልፏ አይላላም፤
እንደ ቀድሞዋ ድንገት ታጥፋ፣ አውራ ጣቴን አትበላም።
በላኪሽ ወይን ቦታ፣ ከመስመር መስመር ስንከራተት፣
የጠብታ ቱቦ ስቆርጥ፣ ገመድ ስበጥስ፣ ካርቶን ስከፍት፣
አንድ እጄ ቱቦውን አንቆ፣ ውሃው ፊቴ ላይ ሲረጭ፣
በቀረኝ አውራ ጣት ብቻ ገፋ ሳደርጋት፦
ቀጭ!

በሷ ላይ የሚመሰክርም አለ። ከባድ ናት፤ ሱሪ ታወርዳለች፤
አሸዋ ማጠፊያዋ ሲገባ፣ እንደ አሮጌ በር ታቃስታለች፤
ብርቱካን ልላጥባት ብል፣ ወፍራም ናት፣ ትፈልጠዋለች፤
ዘይት አምጣ፣ ብሩሽ አምጣ፣ እንደ ቅምጥል ታዛለች።

ይህ ሁሉ ግን ምናምን ነው። ትልቁን ምስክር ልጥራ፦
ኤልያሳፍ፣ የመጨረሻ ልጄ፤ ቁመት ብቻ፣ ገና ያልያዘ ሥራ።
ሱሪዬን ይዋሳል። ጃኬቴን ይዋሳል። ሳይጠይቅ ይዋሳል።
አንድ ማታ፣ ጣቢያው አጠገብ፣ ፖሊስ "ና" ይለዋል፤ ይፈትሻል።
ያው ብረት፣ ያው ስፋት፣ ያው ዋጋ፤
በእኔ ኪስ የወይን መሣሪያ፣
በልጄ ኪስ፣
ክስ።
ከኪስ እስከ ክስ አንዲት ጭረት፤ ያቺን ጭረት ማን ይመልስ?

ትርንጎ፣ ሚስቴ፣ አልጮኸችም። "መቀስ ግዛ" አለች፣ "ቱቦ ይቆርጣል፤
መቀስ የያዘን ማንም አይፈራም።"
እውነቷን ነው። ሰው ግን (ልናገረው?) በመቀስ አይኮራም።

ዓርብ ረፋድ ሻልቫን ለመንኩት፤ መታወቂያዬን አስይዤ፣
ላባቴ ላሳያት ሄድኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ።
አባቴ ያይህ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ በወገራ አገር፤
ሰዉ ማረሻውን ቀን ወስዶ፣ ማታ ከዓይኑ ይሸሽ ነበር።
አሁን ያ ዓይን ፈዟል። በጥፍሩ አንኳኩቶ በጆሮው አያት፤
ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋት፤ ደግሞ አሸተታት።
"ብረቱ ጥሩ ነው" አለ፣ "ውሃም በልኩ ጠጥቷል፤
ግን ይሄ ስለት" አለና ሳቀ፣ "መታጠፍ ከማን ተምሯል?"

ይሳቅ። እሱ ስለት ያውቃል፤ ተስሎ በሌሊት የወጣ፣
ሱዳን ላይ ሁለት እህቶቼን ቀብሮ፣ ሳያጥፍ እዚህ የመጣ።
እኔ ነኝ መታጠፍ የለመድኩ፦
እንዳላማው የተባልኩት፣ ስሜ ታጥፎ "ኤዲ" ሆኗል፤
ወገቤ ከወይኑ ሥር፣ አንገቴ ፍተሻ በር ላይ፣ ታጥፎ ውሏል።
ስለዚህ አልፈርድባትም። መታጠፍ ሁሉ መክዳት አይደለም፤
የያዘውን እጅ ላለማድማት የሚታጠፍም አለ።
ወይስ ይህን የምለው ልገዛት ስለፈለግሁ ነው? አላውቅም።

ገዛኋት። ሻልቫ ሃያ ሼቄል ቀነሰ፣ እያጉረመረመ።

አሁን በወይኑ ቦታ፣ ከውሃ መክፈቻው ጎን፣
በተቆለፈ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ታድራለች፤
ከተማ አትገባም፤ አውቶቡስ አትሳፈርም፤
የኤልያሳፍን ኪስ አታውቅም።
ማታ ጣቢያው ስደርስ፣ ዘበኛው "ኪስህን" ሲለኝ፣ እገለብጣለሁ፦
ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ጥቂት አሸዋ።
ሱሪዬ ግን በቀኝ በኩል፣ ቀኑን ሙሉ እሷን እንዳዘለ፣
እስከ ቤት ድረስ
ትንሽ ዘንበል እንዳለ።